የሚዞር እንጨት፣ የረጋ እጅ

ቶርኖ እንጨትን በሁለት ጫፎቹ ይዞ የሚያሽከረክር መኪና ነው። በሌላው የእንጨት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ተቀምጦ መሣሪያው ይሠራል፤ መጋዙ ይመላለሳል፣ መላጊያው ይገፋል፣ መዶሻው ይወርዳል። በቶርኖ ላይ ግን የሚንቀሳቀሰው እንጨቱ ነው። መሮው በማሳረፊያው ላይ ተደግፎ ይቆያል፤ የሚዞረው እንጨት በስለቱ ሥር ባለፈ ቁጥር ትርፉ ይላጣል፣ የቀረው ክብ ይሆናል። የአልጋ ራስጌ ጉልላት፣ የረከቦት እግር፣ የሻማ ማቆሚያ፣ የመቁጠሪያ ፍሬ፣ የሰንጠረዥ ጠጠር፣ የሰገነት መደገፊያ ሁሉም ከዚህ አንድ ዙረት የሚወጡ ናቸው።

በደሴና በኮምቦልቻ፣ እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፣ ቶርኖ የአናጢ ቤት ጎረቤት ነው። አልጋና ብፌ፣ ቁም ሣጥንና ወንበር ከሚሠራበት ክፍል አንድ ጥግ ይዞ ይቆማል። በደሴ ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ከከተማው ላይ ሳይገፈፍ የሥራ ቤቱ በር ይከፈታል። የትናንቱ ሰጋቱራ ተጠርጎ በጆንያ ይሞላል፣ መሮዎቹ በድንጋይ ይሳላሉ፣ ቺንጋው ይፈተሻል። ከዚያ ዲናሞው ይነሣል፤ አራት ማዕዘን የነበረው ጉማጅ በዙረቱ ጥላ መስሎ ይታያል። መሮው ሲነካው መጀመሪያ የሚሰማው ድብደባ ነው፤ ማዕዘኖቹ አንድ በአንድ እየመጡ ስለቱን ይመቱታል። ማዕዘኖቹ ሲያልቁ ድብደባው ይቀራል፣ በምትኩ ወጥ የሆነ የመላጥ ድምፅ ይተካል። በዚያች ቅጽበት እንጨቱም ክብ ሆኗል፣ የሠሪውም ትከሻ ላልቷል።

የዚህ ሙያ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ቶርኖ ፍጥነትን ከመኪናው፣ እርጋታን ከሰው ይወስዳል። እጁ ያልረጋ ሰው የሠራው ጌጥ ያለመርጋቱን ይዞ ይወጣል፤ ትኩረቱን የሰበሰበ ሰው የሠራውም እንዲሁ ይመሰክርለታል። ስለዚህ በቶርኖ ላይ ጌጥ መሥራት ሙያ ብቻ ሳይሆን ልብን የማሳረፊያ መንገድም ነው።

ከእንዝርት እስከ ዲናሞ

ስለ ቶርኖ ከሚታወቁት ጥንታዊ ሥዕሎች አንዱ በግብፅ፣ በጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ የሚገኘው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የተሠራው ይህ ቅርጽ ሁለት ሰዎችን ያሳያል። አንዱ በእንጨቱ ላይ የተጠመጠመውን ጠፍር ወዲያና ወዲህ ይስባል፣ ሌላው ስለቱን ይይዛል። በኋላ ዘመን ጠፍሩ በደጋን ተተካና አንድ ሰው በአንድ እጁ ደጋኑን እየሳበ በሌላው እጁና በእግሩ መሮ መያዝ ቻለ። በአውሮፓ ደግሞ የሚለመጥ ረጅም እንጨትና የእግር መርገጫ በገመድ ተያይዘው ቶርኖውን ያዞሩት ነበር። እነዚህ ሁሉ የጋራ ጉድለት ነበራቸው፦ እንጨቱ ወዲያ ዞሮ ወዲህ ስለሚመለስ ስለቱ የሚሠራው ግማሹን ጊዜ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ በካይሮ መስኮቶች ላይ የሚታዩት፣ ማሽረቢያ የሚባሉት የእንጨት መጋረጃዎች በእንዲህ ያለ መሣሪያ ከተጠረቡ እጅግ ብዙ ትናንሽ ክብ ቁርጥራጮች የተገጣጠሙ ናቸው። በአንድ አቅጣጫ ያለማቋረጥ የሚዞር ቶርኖ የተስፋፋው መሽከርከሪያ ጎማ፣ ቀጥሎም የእንፋሎትና የኤሌክትሪክ ኃይል ከመጣ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ የባህል ዕደ ጥበብ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሽከረከር መሣሪያ ብዙም የለም። ሸክላ ሠሪዎች ገንቦና ጀበና የሚሠሩት ያለ መሽከርከሪያ፣ ጭቃውን በእጃቸው እየገነቡና ራሳቸው እየዞሩት ነው። የድንጋይ ወፍጮም መጁ ወደፊትና ወደ ኋላ የሚገፋበት ነው። ሳያቋርጥ የሚዞረው የቤት መሣሪያ እንዝርት ነው፤ ፈታይዋ በጣቷ ወይም በጭኗ ላይ ታሾረዋለች፣ በዙረቱም ጥጡ ክር ይሆናል። ክብ ነገርን መውደድ ግን ከጥንት የነበረ ነው። ሙቀጫው፣ ዋንጫው፣ ገበታው፣ የጅማው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ በመጥረቢያና በመሮ ተጠርበው፣ በዓይን ግምት ክብ እንዲሆኑ የተደረጉ ናቸው። በዓይንና በእጅ ብቻ ክብ ያወጣ ሰው ለቶርኖ ሩቅ አይደለም።

ደሴ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ ስትሆን ለግብር ማብያና ለመኖሪያ የሚሆኑ ሰፋፊ ቤቶች ያስፈልጓት ነበር። እስከ ዛሬ ቆሞ የሚታየው አይጠየፍ አዳራሽ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ቤት ባለበት በርና መስኮት፣ ሰገነትና መደገፊያ አለ፤ አናጢም ይፈለጋል። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ መኪና፣ ጋራዥና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ወደ ከተሞች ሲገቡ የቶርኖ ሥራም አብሮ ሰፋ። በአዲስ አበባ በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት እንጨትና ብረት ሥራን በመደበኛ ትምህርትነት ካስተማሩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በደሴ ይህን የትምህርት መሥመር የያዘው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስኂን ስም የሚጠራው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ኮምቦልቻም የራሷ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ እንዲሁም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላት።

የብረት ቶርኖና የእንጨት ቶርኖ

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ መለዋወጫ ይፈልጋሉ። በዚህ ምክንያት በከተማዋ ቶርኖ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የብረቱን ነው፤ ያለቀ ዘንግ የሚታደስበት፣ ጥርስ የሚወጣበት፣ ቡሽ የሚሠራበት።

ሁለቱ መኪኖች በቅርጻቸው ይመሳሰላሉ። በግራ በኩል በዲናሞ የሚዞረው ራስ አለ፤ በቀኝ በኩል የሚደግፈው ሹል አለ፤ በመካከላቸው ረጅም አልጋ ተዘርግቷል። ልዩነታቸው በስለቱ አያያዝ ነው። በብረት ቶርኖ ላይ ስለቱ በብሎን ተጠብቆ ይታሰራል፣ ወደፊትና ወደጎን የሚሄደውም በእጀታ እየተለካ ነው። በእንጨት ቶርኖ ላይ ግን ስለቱን የሚይዘው ሰው ነው። ማሳረፊያው ክብደቱን ይሸከማል እንጂ አቅጣጫውን አይወስንም። የመሮው ጀርባ ስንት ዲግሪ ይነሣ፣ ጫፉ ምን ያህል ይግባ፣ በየት በኩል ይንከባለል የሚለውን እጅ፣ ክርንና ወገብ ይወስናሉ። የብረት ቶርኖ ትክክለኛነቱን ከራሱ ያመጣል፤ የእንጨት ቶርኖ ከሠሪው ይበደራል።

ፍጥነቱም ትኩረት ይጠይቃል። በአገራችን የኤሌክትሪክ መሥመር የሚሠራ የተለመደ ዲናሞ በደቂቃ 1,450 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚህ ዙረት አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የረከቦት እግር ጠርዙ በሰከንድ አራት ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህ ለመሮ የሚመች ነው። በዚሁ ዙረት ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳሕን ቢታሰር ግን ጠርዙ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ስንጥቅ ካለበት ተበጥሶ ሊወረወር ይችላል። ስለዚህ ሥራው በሰፋ ቁጥር ቺንጋው ወደ ትልቁ ፑሌጃ ይዛወራል፣ ዙረቱም ይቀንሳል። መኪናውን ከማስነሣት በፊት እንጨቱን በእጅ አንድ ዙር ማዞርና ማሳረፊያውን እንደማይነካ ማረጋገጥ የማይታለፍ ልማድ ነው።

የእንጨቱ ጠባይ

በወሎ ደጋና ወይና ደጋ የሚገኙት ዛፎች ለቶርኖ የተለያየ ጠባይ አላቸው። ወይራ ከሁሉም የከበደና የጠነከረ ነው። ቃጫው የደቀቀ በመሆኑ ቀጭን ጌጥ ሲወጣበት አይሸራረፍም፤ በቡናማው ልብ እንጨት ላይ የሚሄዱት ጠቋቁር መሥመሮችም ያለ ምንም ቀለም ውበት ይሆናሉ። ስለቱን ግን ቶሎ ያደነዝዛል። ዋንዛ ቀላልና ለስላሳ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይጣመምም፣ ስለዚህ ለቤት ዕቃ ከሁሉ ይመረጣል። ለጥቃቅን ቅርጽ ግን ከወይራ ያነሰ ነው። የሐበሻ ጥድ ሲላጥ ክፍሉን በመዓዛው ይሞላል፣ ምስጥም አይደፍረውም፤ ነገር ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ጉጡም ይበዛል። ባሕር ዛፍ በየጓሮው የሚገኝ በመሆኑ ለጀማሪ መለማመጃ ይሆናል፤ ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ ግን ልማዱ ነው። ግራቪሊያ በተወሰነ አቅጣጫ ሲቆረጥ ነብርማ ነጠብጣብ ያወጣል። በየግቢው የሚገረዙት ኮክና ቡናም ለመቁጠሪያና ለጆሮ ጌጥ የሚበቃ ውፍረት አላቸው።

ከእነዚህ ዛፎች አንዳንዶቹ በሕግ የተጠበቁ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። የዚህ ጥበቃ ትርጉም በደቡብ ወሎ ጎልቶ ይታያል። ተራሮቹ ለብዙ ዘመን የታረሱና የተራቆቱ ስለሆኑ ከጥንቱ ደን የቀረው እንደ የጎፍ ተራራ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ነው። ቶርኖ በዚህ ረገድ ከሌላው የእንጨት ሥራ የተሻለ ዕድል አለው። አልጋ ግንድ ይፈልጋል፤ ጌጥ ግን ቅርንጫፍ ይበቃዋል። ነፋስ የጣለው የወይራ ቅርንጫፍ፣ ከአናጢ ቤት የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ፣ አለዚያ ለማገዶ የሚሄድ ጉማጅ እዚህ ዋጋ ያገኛል። አንድ ዛፍ ሳይቆረጥ ዓመቱን ሙሉ ሲሠሩ መኖር የሚቻልበት ሙያ ነው።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ይንቀሳቀሳል። እርጥብ እንጨት ውኃውን ሲያጣ ይኮማተራል፤ ዓመታዊ ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ዳር ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከእርጥብ እንጨት የተጠረበ ክብ ሳሕን ሲደርቅ ሞላላ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃ ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣው ከተቆረጡት ጫፎች ስለሆነ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። ጫፎቹን በሰም ወይም በቀለም መድፈን፣ ጉማጁን ከፀሐይ አርቆ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ መደርደር፣ ክብደቱንም በየወሩ እየመዘኑ መቀነሱን እስኪያቆም መጠበቅ ያስፈልጋል።

የሁለቱ ከተሞች አቀማመጥ ደግሞ የራሱን ጥንቃቄ ያስከትላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ የሀረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም የከፍታው ልዩነት የአየሩን ሙቀት አራት ዲግሪ ያህል ይለውጠዋል። ከኮምቦልቻ አልፎ ወደ ባቲ ሲወረድ ሙቀቱና ድርቀቱ ይብሳል። በደሴ ብርድ ልክ የገጠመ ክዳን ቆላ ሲወርድ ሊላላ ወይም ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ዕቃው የሚሄድበትን አገር ይጠይቃል፣ እንጨቱንም በደንብ ሳያደርቅ ክዳን አይገጥምም።

ከጉማጅ እስከ ጌጥ

ሥራው የሚጀምረው መሐሉን በማግኘት ነው። በአራት ማዕዘኑ ጉማጅ ጫፍ ላይ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለት መሥመር ይሰመራል፤ የሚገናኙበት ነጥብ መሐል ነው። ነጥቡ በሹል ብረት ይመታል፣ እንጨቱም በሚያዞረው ጥርስና በሚደግፈው ሹል መካከል ይታሰራል። ማሳረፊያው እንጨቱን ሳይነካ እጅግ ተጠግቶ ይቆማል፤ ከራቀ መሮው ይርገበገባል፣ ሊነጠቅም ይችላል።

ቀጥሎ ወፍራሙ ጎድጓዳ መሮ ይነሣል። ግራ እጅ ስለቱን በማሳረፊያው ላይ ያቅፈዋል፣ ቀኝ እጅ እጀታውን ከዳሌ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ስለቱ ወደ እንጨቱ የሚገባው በጀርባው እየተንሸራተተ ነው፤ እጀታው ቀስ ብሎ ሲነሣ ጫፉ መላጥ ይጀምራል። በእጅ ኃይል መግፋት ስሕተት ነው። ሰውነቱ ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሲዘነብል መሮው አብሮት ይሄዳል፣ ፍቅፋቂውም ተያይዞ እንደ ጥብጣብ ይወጣል።

ጉማጁ ድብልብል ከሆነ በኋላ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። እንጨቱ እየዞረ እርሳስ ሲነካው ቀለበት ይሠራል። እነዚህ ቀለበቶች የጌጡ ካርታ ናቸው፤ የት እንደሚወፍር፣ የት እንደሚሰረጉድ፣ የት እንደሚቆረጥ ያሳያሉ። ቀጭኑ መቁረጫ ጥልቀቱን ይወስናል፣ ካሊበርም ይለካዋል።

የቶርኖ ጌጥ ምንም ያህል ቢወሳሰብ መሠረቱ ሁለት ቅርጽ ነው፦ የሚያብጥ ዶቃና የሚሰረጉድ ወገብ። ዶቃ በሰያፍ መሮ ይወጣል። ስለቱ በአናቱ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይጀምርና ወደ ሸለቆው ሲወርድ በጣቶች መካከል እየተንከባለለ ቀጥ ይላል። ወገብ ደግሞ በጎድጓዳ መሮ ከሁለት ዳር ወደ መሐል ይሠራል። ሁልጊዜ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ መውረድ ያስፈልጋል፤ አቀበት የወጣ መሮ የቃጫውን ጫፍ ያገኝና ይነቅለዋል። የደሴ አልጋ ራስጌ ላይ ያለው ጉልላት፣ የረከቦቱ እግር ወገብና ቁርጭምጭሚት፣ ሁሉም የዶቃና የወገብ አደራደር ነው። ውበቱ የሚመጣው ከብዛታቸው ይልቅ ከመጠናቸው ስምምነት ነው። ሦስት እኩል ዶቃዎች ዓይንን ያሰለቻሉ፤ አንዱ ትልቅ፣ ሁለቱ ትንሽ ሲሆኑ ግን ዓይን የሚያርፍበት ያገኛል።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት ይመጣል። ከሻካራው 120 ቁጥር ተጀምሮ በ180፣ በ240 እና በ320 እያለፈ ይለሰልሳል። ቁጥር መዝለል ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን የሻካራው ወረቀት ጭረት ከቀለም በኋላ ጎልቶ ይወጣል። በስለት በደንብ የተላጠ እንጨት ብዙ ወረቀት አይፈልግም።

ማጠናቀቂያው ቬርኒሽ ሊሆን ይችላል። አገሩ ራሱ የሚያበቅለው ነገርም አለ። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ እየደረቀ የሚጠነክር ስለሆነ የእንጨቱን ቀለም ያጎላል፣ ከእርጥበትም ይከላከላል። የንብ ሰም በሚዞረው እንጨት ላይ ሲያዝ በሰበቃው ሙቀት ይቀልጣል፣ በጨርቅ ሲታሽም ያብለጨልጫል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ እየሞቀ ሄዶ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ግዴታ ነው፤ ሰጋቱራ በሞላበት ቤት ደግሞ ይበልጥ።

ልብ የሚሰበሰብበት ሥራ

የሰው አሳብ በብዙ ነገር ይበተናል። ትኩረትን ወደ አሁን የመመለስ ልምምድ በሕክምናው ዓለም የራሱን ቦታ ያገኘው በቅርብ ዘመን ነው። ጆን ካባት ዚን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ጭንቀትን በትኩረት ልምምድ የመቀነስ ትምህርት ጀመረ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የቆሰሉና አእምሯቸው የታወከ ወታደሮች እንጨት ሥራና ሽመና እየተማሩ እንዲያገግሙ ይደረግ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 በአሜሪካ የተመሠረተው የሥራ ሕክምና ማኅበር ከዚህ አስተሳሰብ የወጣ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ደግሞ ሰው ጊዜን ረስቶ በሥራው የሚሰምጥበትን ሁኔታ አጥንቷል። እንደ እርሱ አገላለጽ ይህ የሚሆነው ግቡ ግልጽ ሲሆን፣ የሥራው ውጤት ወዲያው ሲታይ፣ የሥራው ክብደትም ከሠሪው ችሎታ ጋር ሲመጣጠን ነው።

ቶርኖ ሦስቱንም ያሟላል። ግቡ በእርሳስ ቀለበት ተሥሏል። ውጤቱ በየቅጽበቱ ለዓይን፣ ለጆሮና ለእጅ ይደርሳል። ስለቱ የሰላ ከሆነ ድምፁ ለስላሳ ፉጨት ነው፤ ሲደነዝዝ ይቧጥጣል፤ እንጨቱ ሲቀጥን ይንቀጠቀጣል፤ የተሰወረ ስንጥቅ ካለ በየዙሩ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ልምድ ያለው ሠሪ ከማየቱ በፊት ይሰማል። ክብደቱም እንደ ችሎታው ይታደላል፤ ጀማሪ ቀጥ ያለ ድብልብል ሲያወጣ፣ የበሰለው ባለ ቀለበት ዋንጫ ይሠራል።

እንጨቱ እየዞረ አሳብ ከሸሸ መሮው ያስታውቃል። ጫፉ እንጨቱን ይነክሳል፣ በዶቃው ላይ ጠመዝማዛ ጭረት ይቀራል። ይህን ያየ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ማድረግ ይችላል፦ ዶቃውን በትንሹ አሳንሶ እንደገና ማውጣት፣ ወይም ጉማጁን መለወጥ። ቁጣ ምንም አይጠቅምም። እጅ ሲጨብጥ መሮው ይደርቃል፣ ትንፋሽ ሲታፈን ክርን ይንቀጠቀጣል። በቀስታ እየተነፈሱ መላጥ፣ ዶቃው ሲያልቅ መሮውን አውጥቶ ማየት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ የሥራው ሥርዓት ነው። መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም፤ ስለት የሚሳለው፣ የሚቀጥለው ሥራ የሚለካው፣ የደረቀ እንጨት የሚመረጠው በዚያን ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ ሕክምናን አይተካም። ነገር ግን በጭንቀት ለተወጠረ ሰው በቀን አንድ ሰዓት አሳቡን በአንድ ስለት ጫፍ ላይ ማሳረፍ እውነተኛ ዕረፍት ነው።

ወሎ ለዚህ ዓይነቱ ትኩረት እንግዳ አይደለም። በክርስቲያኑ እጅ መቁጠሪያ፣ በሙስሊሙ እጅ ሙስበሃ አለ። መቁጠሪያው በብዛት ባለ 41 ወይም ባለ 64 ፍሬ ነው፤ ሙስበሃው ባለ 33 ወይም ባለ 99። ሁለቱም አንዲት ፍሬ በጣት ስታልፍ አንድ ጸሎት እንድትቆጠር የተሠሩ ናቸው። በቶርኖ ላይ ልዩነታቸው በቁጥርና በማሠሪያው ብቻ ነው፤ አንዱ በመስቀል፣ ሌላው በረዘመች ፍሬና በዘርፍ ያልቃል። አንድ ሳንቲ ሜትር ፍሬና ሦስት ሚሊ ሜትር መቁረጫ ቢታሰብ 99 ፍሬ ለማውጣት አንድ ሜትር ከሠላሳ የሚጠጋ እንጨት ይበቃል። ረጅምና ቀጭን እንጨት ስለሚለመጥ ግን በአንድ ጊዜ የሚታሰረው 20 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ነው፤ ከእያንዳንዱም 15 ፍሬ ይወጣል። ስለዚህ ለአንድ ባለ 99 ሙስበሃ ሰባት እንጨት ይታሰራል። ፍሬዎቹ በትራፓኖ መሐላቸው ይበሳል፣ አንድ በአንድ ይለሰልሳሉ። ለጸሎት መቁጠሪያ የሚሆኑትን እኩል ፍሬዎች ማውጣት ራሱ መቁጠር ነው፤ ሠሪው ሁሉንም ካልተጠነቀቀላቸው የጸሎተኛው ጣት ልዩነቱን ያውቃል።

ገበያውና ዕውቀቱ

የእነዚህ ጌጦች ገዢ ሩቅ አይደለም። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚጓዘው ብዙ ምእመን በደሴ ያልፋል፤ ለመውሊድ ወደ ጃማ ንጉሥ የሚሄደውም ብዙ ነው። ሁለቱም ጉዞዎች መታሰቢያ ይዞ መመለስ የሚወደድባቸው ናቸው። በየቤቱ ቡና ሲፈላ ሲኒ የሚደረደርበት ረከቦት አለ። ዛሬ ብዙው ከተጨመቀ ጣውላ እየተቆረጠ ይሠራል፤ በቶርኖ የወጣ እግር ያለው ደግሞ ለብዙ ዘመን ይቆያል። ሰንጠረዥም በኢትዮጵያ መኳንንት ዘንድ የኖረ ጨዋታ ነው፤ ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድና ከእንጨት ይሠሩ ነበር። ዛሬ ከሚሠሩት የቼዝ ጠጠሮች ፈረሱ ብቻ በእጅ ይቀረጻል፤ የቀሩት ከነጣውና ከጠቆረው የወይራ ክፍል በቶርኖ ሊወጡ ይችላሉ።

ከገበያው ይልቅ ሙያውን የጎዳው የኖረው ንቀት ነው። በእጁ የሚሠራ ሰው ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ሲገፋ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም ጥላው አልጠፋም፤ ቴክኒክና ሙያ ብዙ ጊዜ ፈተና ያላለፈ ልጅ የሚላክበት ተደርጎ ይታያል። ይህ ትልቅ በደል ነው። የአንድን ዶቃ ኩርባ በሁለት እኩል ጎን ማውረድ ዓይንን፣ ሒሳብን፣ ትዕግሥትን በአንድ ላይ የሚጠይቅ ነው። በፊንላንድና በስዊድን ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የእጅ ሥራ በትምህርት ቤት የተሰጠው የአእምሮ ትምህርት መሆኑ ስለታመነበት ነው።

ጥንቃቄውም የዕውቀቱ አካል ነው። ነጠላ፣ የተንጠለጠለ እጅጌ፣ ያልታሰረ ረጅም ፀጉር፣ ጓንትና አምባር በሚዞር እንጨት አጠገብ አይፈቀዱም፤ ተጠምጥመው ሰውን ይስባሉና። ዓይን በመነጽር ወይም በፊት መከለያ ይጠበቃል። የእንጨት ብናኝ ቀላል ነገር አይደለም፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መካከል መድቦታል፣ በተለይም ለአፍንጫና ለአካባቢው። ስለዚህ በወረቀት ሲለሰልስ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ መስኮት መክፈት፣ ወለሉን በየቀኑ መጥረግ የጤና ጉዳይ ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ አራት የሰላ መሮ፣ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቁራጭ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አጠገብ መቆም። የመጀመሪያው ልምምድ ቀጥ ያለ ድብልብል ነው፤ ሁለተኛው በእርሱ ላይ እኩል ዶቃዎች፤ ሦስተኛው በዶቃዎቹ መካከል ወገብ። እነዚህ ሦስቱ በእጅ ከገቡ የረከቦት እግርም፣ መቁጠሪያም፣ ጉልላትም ከእነርሱ ይወጣሉ። የደሴና የኮምቦልቻ ኮሌጆች መምህር አላቸው፣ የአናጢ ቤቶቹ መኪና አላቸው፣ ጓሮው ቅርንጫፍ አለው። የሚጎድለው ለሥራው የሚሰጠው ክብር ነው፤ እርሱ ከተሟላ ሙያው ወጣቱን እንጀራ ያበላዋል፣ አሳቡንም ይሰበስብለታል።